ከበሩ ኋላ የነበረው ጣሳ

ቤሩት፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብሩን ሰኞ ልኬዋለሁ፣ 200 ዶላር ነው። ማውጫ ቁጥሩን ለማሙሽ ጽፌለታለሁ።

ሦስት ሳምንት ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽም እውነት አልነበረም። ሚጡ ደውላ ሽማግሌዎቹን እንደመለስሻቸው ስትነግረኝ ምን እንደምልሽ ጠፋኝ። በስልክ ብናወራው እንጣላለን። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ካርዱም ያልቃል። ወደ አገር የምትመለስ የደብረ ታቦር ልጅ ስላገኘሁ ጻፍኩት። እሷ ታደርስልሻለች።

ማሙሽ፣ የምታነብላት አንተ ነህ። ምንም ነገር እንዳትዘልባት። የሚያስደነግጥ ቦታ ላይ ብትደርስም ቀስ ብለህ አንብብ።

ከሁሉ በፊት የአባዬ እግር። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ቁስል ጠርዙ ጠቁሯል። «አያመኝም» ይላል አሉ። እማዬ፣ እኔን ያስፈራኝ አለማመሙ ነው። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። ደሙም እንደልቡ ወደ እግር ስለማይወርድ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ጎረቤት «ሰው አይቶበት ነው» ብሎሽ ቅጠል እያሸሽ እንደምታስሪለት ሰማሁ። ተይ፣ በድንግል ማርያም። ይህ ደብዳቤ በደረሰ በማግስቱ ሐኪም ይየው። ግቢ ውስጥም ቢሆን ባዶ እግሩን አይሂድ። ማታ ማታ ማሙሽ የእግሩን መዳፍ በባትሪ ይየው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥብ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡት። ሸክላ ውሃውን ወደ ውጭ እያተነነ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ያቺ ቡናማዋ ማሰሮ ትበቃለች። ማን እንደሠራት ታውቂያለሽ።

ሰዎች ቀኑብን የምትዪው አዲሱን የግቢ በር አይተው ነው አይደል? እኔ በላክሁት ብር ያሠራችሁትን። ሚጡም ልጁን ያወቀችው በሩን ሊተክል ሲመጣ ነው። ያኔ በስልክ ምን እንዳልሽኝ አስታውሳለሁ። «ባለ ብየዳው ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀና ብሎ አያይም፣ ምሳ ስጠው ብዬ ማሙሽን ላክሁት» ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅሽም። ሽማግሌ ሲመጣ አጥንቱ ተቆጠረ። እናም ያ ጨዋ ልጅ ሌላ ሰው ሆነ።

«ልጃችን ገና ናት» ብለሽ መለስሻቸው። ሚጡ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አንቺ በእሷ ዕድሜ እኔን አዝለሽ ነበር። ሽማግሌዎቹም ምክንያቱን ያውቁታል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉን ግን ማንም አላወጣውም። ቤታችን ውስጥ «ቡዳ» ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «እነዚያ» ነበር የምንለው። «እነዚያ እንዳያዩት ምግቡን ክደኚው።» ልጅ ሆኜ ቃሉን ራሱን መጥራት ሰው የሚያስበላ ይመስለኝ ነበር።

አያቱን አስታውሻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወርዱ ደጃችን ያርፉ ነበር። በዕድሜ እናትሽ ይሆናሉ። አንቱ ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም «እሷ» ነበር የምንላቸው፣ እኔም ጭምር። አሁን እሳቸው እላለሁ። ውሃ ሲለምኑ በበሩ ኋላ በምስማር የተሰቀለው የዘይት ጣሳ ይወርድላቸዋል። የሳቸው ብቻ ነበር። እኔ ነበርኩ የማቀብላቸው፣ እጄ እጃቸውን እንዳይነካ ጠርዙን ይዤ። የምንጠጣበትን ጀበና የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከጀበናቸው ቡና እየጠጣን ከሲኒያችን አናጠጣቸውም ነበር። ጭቃውን ያቦኩት በዚያው በማንነካው እጅ ነው።

ይህን ለምን አሁን አነሳሁት? ቤሩት መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማዳሟ የኔ ያለችኝ ብርጭቆ ነበር። ከማጠቢያው ሥር፣ ከሳሙናው ጎን ይቀመጣል። ሳህንም ማንኪያም ለብቻ። እነሱ የሚበሉትን የማበስለው እኔ ነኝ። ሊጡን የማቦካው፣ ሰላጣውን የምከትፈው በዚህ እጄ ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ በነሱ ብርጭቆ ጠጣሁ። ምንም አላለችኝም። ብርጭቆውን በወረቀት ይዛ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። የዚያን ሌሊት የመጣብኝ ያ የዘይት ጣሳ ነው። እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አትደንግጪ። ያ ድሮ ነው፣ ያንን ቤት ለቅቄያለሁ። አሁን ያለሁበት ደህና ናቸው፣ አብሬያቸው ነው የምበላው። ለአባዬ እንዳትነግሪው።

አሁን ሲከብደኝ የኖረውን ልንገርሽ። ማሙሽ፣ እዚህ ጋ ቀስ በል።

ስለ ሕፃኑ ነው። ስሙን ከጠራነው ሃያ አምስት ዓመት ሆነ። እኔም እዚህ አልጽፈውም፣ ማሙሽ ሲጠራው እንዳትደነግጪ። ጥቅምት ነበር። ትኩሳት ሲጀምረው «ማን አየው? የት ወሰድሽው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንቺ ወፍጮ ቤት ስትሄጂ አዝዬው ወደ ሐይቁ እወርድ ነበር። አትውረጂ ያልሽኝን። ልጆቹ ደንገሉ ውስጥ ይጫወታሉ፣ እኔም እስኪመሽ እቆያለሁ። ትንኙ ፊታችንን ሲበላን እንኳ አልሄድም። እንደምትገርፊኝ አውቅ ነበር። «ባለ ሸክላዋ አየችው፣ ሲያምር አለች» አልኩሽ።

አላሉም እማዬ። ቀና ብለውም አላዩትም። ዋሸሁሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሸተታችሁት። በጢስ አጠናችሁት። ደብተራው መጣ። ዓይኑ ተገልብጦ ሲንፈራገጥ «ይኸው፣ ለቀቀው፣ ሊናገር ነው» አሉ። ጤና ጣቢያ ያደረሳችሁት በአምስተኛው ቀን ነው። እቅፍሽ ላይ ነበር።

እዚህ አብራኝ የምትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነበረች ልጅ አለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መንቀጥቀጡን፣ ከዚያ መንደዱን፣ ከዚያ ላብ ማጥመቁን፣ ቀን ጋብ ማለቱን፣ መጨረሻ ላይ መንፈራገጡን። «ወባ ነው» አለችኝ። ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ሕፃናትን እንደዚያ ያደርጋቸዋል። ጣና ዳር ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው። ቶሎ ቢደርስ መድኃኒት ነበረው። አንቺን ልወቅስ አይደለም። ያደረግሽው ሁሉም እናት የሚያደርገውን ነው። አምስት ቀን እንቅልፍ አልተኛሽም፣ አይቼሻለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ የውሸቱ። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተናገረችውን አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቅ ሁሉም ያመነው ለምንድን ነው? እምነቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበረ ነው። ለማንኛውም ሕመም የሚከሰስ ሰው ነበረን።

የዚያን ሰሞን እንስራዎቻቸው ተሰበሩባቸው። ድንጋይ ከወረወሩት ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በእኛ ሰፈር አላለፉም።

ሰው አገር ሄዳ ሃይማኖቷን ረሳች እንዳትዪኝ። እሑድ እሑድ እዚህ እናስቀድሳለን፣ ጾሙንም እጾማለሁ። ጠበሉንም አልነቀፍኩም። ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይቅደም። የንስሐ አባታችንን ደግሞ ጠይቂያቸው። ሰው ማታ ጅብ ይሆናል የሚል ከየትኛው መጽሐፍ እንደተገኘ ያሳዩሽ። አባዬ ራሱ ይነግረን አልነበረም? አፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ሠራተኛን ጠይብ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ንጉሥ ተቆጥቶም አልቀረም። ማረሻውን ማን ቀጠቀጠልን? ጋቢሽን ማን ሸመነው? የባሕሩ ዳር ወይጦዎችም ያው ናቸው። ደሴት ልንሳለም በታንኳቸው እንሻገራለን፣ ጉማሬ በሊታ ብለን ግን አብረናቸው አንበላም። ዛሬ ደግሞ ብረት የሚያቀልጠው ባለ ብየዳ ሲባል አንፈራውም፣ ቀጥቃጭ ሲባል እንፈራዋለን። እሳቱ ያው እሳት ነው።

በዛብሽ መሰለኝ። ብስጭቴ ነው።

ሚጡ የላከችልኝን ፎቶ ላንቺ አላሳየችሽም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቆመው የተነሱት ነው። እሱ ወደ ካሜራው አያይም፣ እሷን ነው የሚያየው። እሷ ነጭ ነጠላ ለብሳ ትስቃለች። ከሄድኩ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ከኋላቸው ውሃው ይታያል። ፎቶውን አሳድጌ አሳድጌ ውሃውን ብቻ አየሁ። እዚህም ባሕር አለ፣ ትልቅ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ጣና አይሸትም። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ስንወጣ የሚመጣው ያ የውሃና የእርጥብ ሣር ሽታ፣ የዓሣ ጥብሱ፣ ጭስሽ... ተይው። ሆዴ ባባ።

ብሩን ከዚህ ነገር ጋር እንዳታገናኚው። እሺ ብትዪም ባትዪም ለአባዬ መላኬን አላቆምም። ሚጡም ያለ ምርቃትሽ አልሄድም ብላለች፣ ትጠብቅሻለች። ግን እሷ ስትጠብቅ ዕድሜዋ አይጠብቃትም። እኔን እያየሽኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እማዬ።

እሺ ካልሽ ለኅዳር ሚካኤል ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ሠርጉ ለጥር ይሁን። እኔ ለጥር አልደርስም፣ ወረቀቴ ገና ነው። ቀሚሷን ከዚህ እልካለሁ፣ ልኳን ማሙሽ ይላክልኝ። ለጥሎሽ ብላችሁ ልጁን አታስጨንቁት።

አያቱ በሕይወት አሉ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሸክላ መሥራት ትተዋል። ጣሳው አሁንም በበሩ ኋላ ካለ ማሙሽ ያውርደው። እሳቸው ሲመጡ መደቡ ላይ ከአባዬ ጎን አስቀምጫቸው። በራሳቸው ጀበና ቡና አፍዪላቸው፣ ከስድስቱ ሲኒዎች በአንዱ ስጫቸው። እጃቸውን ይዘሽ አስጨብጫቸው፣ ዓይናቸው ስለማያይ እንዳይደፉት።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። ለሳቸው የጻፍኩት ነው። ማሙሽ፣ አትክፈተው። የልጅ ልጃቸው ያንብብላቸው።

ልጅሽ