አባባ፣ የቼንሶውን ብሎን ከመንካትዎ በፊት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ? እኔ እዚህ ዴንቨር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ ስለ ቼንሶው፣ ስለዚያ የሞተር መጋዝ፣ የነገሩኝን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ ስላላስረዳሁዎት ልጽፈው ወሰንኩ። ያጨሳል፣ ግንድ ሲነካ ይታፈናል፣ እጅዎን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሱም ሰንሰለቱ ይዞራል ብለውኛል። እንቅልፍ የነሳኝ የመጨረሻው ነው። እጅ ሲነሳ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት አለበት። እስኪስተካከል ድረስ እባክዎ አንድ ባህር ዛፍ እንኳን አይቁረጡበት።

ሰው መጋዙ ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ወደምሠራበት ጋራዥ ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን ብሎኖቹ ያሉበት፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶራቸው ምንም አልሆነም። ስለዚህ ብሎኖቹን ለጊዜው ይተዉና ከአየር ማጣሪያው ይጀምሩ። የእንጨት ብናኝ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ይደፍነዋል፤ ሞተሩ አየር ሲያጥረው ያጨሳል። ቀጥሎ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ይፍቱና ጫፉን ይዩት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ይህ የባሰ ነው። ማኪያቶ ከመሰለ ደህና ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያም በተቆለመመ ሽቦ ስበው ያውጧት። ከርሞ የቆየውን ቤንዚን ይድፉት። አዲሱን ሲበጠብጡ መመሪያው 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር የቱስትሮክ ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ወደ ብሎኖቹ ይሂዱ። ኤል የሚለው ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ፣ ኤች የሚለው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ቤንዚን የሚመጥኑ ናቸው። ወደ ቀኝ ሲያዞሯቸው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ይጨምራል። ሦስተኛው የሚኒሞው ነው፤ ቤንዚን ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ይወስናል። የነበሩበት ከጠፋ ሁለቱን በቀስታ እስኪነኩ ይዝጉና አንድ አንድ ዙር ይክፈቱ፤ በብዙዎቹ የቆዩ መጋዞች መነሻው ይህ ነው። ግን አያጥብቁ፣ የመርፌው ጫፍ መቀመጫውን ይጎዳዋል። ቆብ ኖሮባቸው አልዞር ካሉም አያስገድዷቸው።

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቤንዚን ሲሰጡት ሳያመነታ እስኪነሳ ድረስ ኤልን ያስተካክሉ። ከዚያ የሚኒሞውን ወደ ግራ እያላሉ ሰንሰለቱን ያስቁሙት። ሚኒሞው ዝቅ ብሎም ሰንሰለቱ ከዞረ ጥፋቱ የካርቡራቶር አይደለም፤ ሞተሩን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል።

ኤችን በጆሮ ነው የሚይዙት። መጋዙን ምንም ሳያስነኩ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጡት ድምፁ ትንሽ ሻከር፣ ቆርፈድ ይበል። ግንድ ውስጥ ሲገባ ይጠራል። በባዶው ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ልጆቹ ያ ጩኸት ጉልበት ይመስላቸዋል፣ እንዳይሰሟቸው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለ መጋዝ እዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ይታፈናል። የእርስዎም ይህ ሊሆን ይችላል። ኤችን በጥቂቱ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ሳያልፉ፣ ወደ ቀኝ ያጥብቡት። ስንት እንዳዞሩ ግን ይጻፉት። ምክንያቱም እንጨት ሊቆርጡ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ነው የሚወርዱት። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ፒስተኑ ይግልና ሞተሩ ይነክሳል፣ ማለት ተጣብቆ ይቆማል። ጣርማ በርን እንደወረዱ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ኤችን ወደ ነበረበት ይመልሱ። እዚህም ተራራ ላይ አስተካክለው ቆላ ወርደው ያቃጠሉትን ያመጡልናል፤ ፒስተኑ ጎን ለጎን ተጭሮ ነው የምናገኘው።

ሞተሩ በራሱ ከፍ ዝቅ እያለ ካስቸገረ አንድ ቦታ አየር እየሳበ ስለሆነ ብሎን አያድነውም። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ስስ ሜምብራና ደርቃም ይሆናል። መጋዙ ላይ የተጻፈውን ሞዴልና የካንዴላውን ፎቶ በወንድሜ ስልክ በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ሰው ሲመጣ ዕቃውን እሰዳለሁ።

ብቻዎን ጫካ አይግቡ፣ አባባ። ወንድሜ ሳይኖር መጋዙን አያስነሱ። እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ