ምስጋና ለእቴቴ፣ ለጀልባ ልጆችና ለዓባይ ማዶ ጎረቤቶቻችን

ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቴን ከሞት አፋፍ ለመለሰልኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ይህን የምጽፈው ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነው። «ሁሉንም ጻፊው፣ የመጠጡንም ነገር አትደብቂ» ብሎኛል። እኔም አልደብቅም።

በመስቀል ሰሞን የደረሰብንን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስኳሩ ነበረበት፣ አረቄው ተጨመረበት። ስለዚያች ሌሊት ብዙ መናገር አልችልም። አሁን ቤቱ ገብቷል፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ከልጆቹ ጋር ይስቃል። ተመስገን።

ወደ እቴቴ ልምጣ። ከተኛሁበት ሲያባንነኝ የከረመው የእሳቸው ነገር ነው።

እቴቴ በሰፈራችን ጠላና አረቄ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ባለቤቴ የሚጠጣውም እሳቸው ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰዎች «እሷ ናት ያጠፋችው» እያሉ ሲያሟቸው ሰምቻለሁ። ስለዚህ በአደባባይ እናገራለሁ፤ ባለቤቴን ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ምሽት ምላሱ ተሳስሮ ሲንገዳገድ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ «ሰክሯል፣ ይተኛ፣ ይበርድለታል» ብሎ ነበር። እቴቴ ግን ተነሥተው ግንባሩን ዳሰሱት። ላብ አጥምቆታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰካራም አይቻለሁ። ይሄ ስካር አይደለም፣ ስኳሩ ነው» አሉ። ታናሽ እህታቸውን በስኳር በሽታ አስታመዋል፤ ያወቁት ከዚያ ነው። ስኳር በውሃ በጥብጠው ሊያጠጡት ሲሉ መዋጥ እንዳቃተው አዩ። በግድ አፉ ውስጥ አላፈሰሱበትም። በጎኑ አጋድመው ባጃጅ አስጠሩ። ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አደረሱት። እኔ የደረስኩት ግሉኮስ በደም ሥሩ እየገባለት ሳለ ነው። እቴቴ ነጠላቸውን እግሩ ላይ ጥለውለት ቆመዋል።

ሐኪሙ በኋላ ያስረዳን ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ጉበቱ ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይልካል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት አልኮሉን ለማስወገድ ይጠመድና ያን ሥራውን ያጓድላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በባዶ ሆዱ ከጠጣ ስኳሩ ሊያሽቆለቁል ይችላል። በስኳር መለኪያው ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። ወዲያው ላይሆንም ይችላል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ደግሞ ልክ ስካር ይመስላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር፣ ግራ መጋባት። እቴቴ ያን ምሽት «ይተኛ» ቢሉ ኖሮ... ይቅር፣ አልጨርሰውም።

የእሳቸው ደግነት በዚያ አላበቃም። ከሆስፒታል ስንወጣ ባለቤቴ ሰው ማየት አፍሮ ከቤት አልወጣ አለ። እቴቴ ራሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔ ቤት አረቄ የለህም። ቡና ግን መቼም አታጣም፤ ና ተነሥ» አሉት። እጁን ይዘው ወሰዱት። አንድ ቀን አልተቆጡትም። ሰው ፊት አላነሡበትም። ስኳር የሌለው ቡና አቅርበውለት አጠገባቸው ያስቀምጡታል። እሱ ባለበት ሰዓት ለማንም አረቄ አይቀዱም። ደንበኛ ተቆጥቶ ሲወጣባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። «ይሂድ» ነው ያሉት። ይህ አልበቃ ብሏቸው በየአረቄ ቤቱ እየዞሩ «ለዚህ ልጅ እንዳትቀዱለት፣ አደራ» ብለዋል። ከገዛ እንጀራቸው ላይ ቆርሰው ነው የሰጡን።

እቴቴ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ቃል የለኝም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ከዚህ በላይ አታደርግልኝም ነበር። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅ ያሳይዎት።

ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በተለይ ስለ መጠጡ ያነጋገረችው ባለሙያ «ለምን ጠጣህ?» ሳትለው «መቼ መቼ ያምርሃል?» ብላ ነው የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ነው የልቡን የነገራት። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያንዘፈዝፈውም ስለሚችል በሐኪም ክትትል እንዲያቆም ያደረጉትም እነሱ ናቸው። ቤት ዘግቼ ልጠብቀው ያሰብኩትን ሁሉ ያስጣሉኝ እነሱ ናቸው።

የጀልባ ልጆች፣ የወንድም ሥራ ሠርታችኋል። ለብቻው መሪ እንዳይዝ አድርጋችሁ፣ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ወደቡ ላይ ተሳፋሪ እንዲያስተናግድ ሥራ ሰጣችሁት፤ ድርሻውንም አልቀነሳችሁበትም። ሁላችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ እንደምትይዙ አውቃለሁ። ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ሰው ሲጎርፍ መሪውን እሱ ይዞ እንዲያሻግር ጸልዩልኝ፤ ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ኢንሱሊኑን ፍሪጅዋ ውስጥ የምታስቀምጥልን ጎረቤቴ፣ መብራት ሲጠፋ በሩን ማንም እንዳይከፍተው የምትጠብቂው ነገር አይረሳኝም። «ጠበሉንም ጠጣ፣ መርፌህንም ተወጋ» ላሉት የንስሐ አባታችን፣ ለዕድርተኞቻችን፣ ለሰንበቴ ማኅበራችን፣ ከዘጌ ድረስ እየተመላለሳችሁ ለጠየቃችሁን ዘመዶቻችን ሁሉ፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። የባጃጁ ሾፌርም ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሄደ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እቴቴ ቤት ጠይቅ፣ እኛን ያገናኙሃል።

አንድ ልመና ብቻ ላክል። ባለቤቴ ገና በመንገድ ላይ ነው። የሚከብደው ቀን አለ፤ በተለይ በዓልና ሰርግ ሲሆን። ስትጠሩን በደስታ እንመጣለን። ግን እባካችሁ «አንዲት ብርጭቆ ምን ታደርግሃለች?» አትበሉት። ውሃ ስጡት፣ ምግብም አስቀድሙለት። ምናልባት ላብ አጥምቆት፣ ንግግሩ ተሳስሮ ካያችሁት ተኛ አትበሉት። መዋጥ ከቻለ ስኳር በጥብጡለት፤ ካልቻለ ወደ ሐኪም አድርሱልኝ፣ ለእኔም ደውሉልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የጀልባ ነጂው ባለቤት፣ ከነልጆቿ
ዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር