የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ፦ ኤሲውን ማን ያጥፋው?

ዓመቱ ሲጀመር መምህራን ማረፊያ ውስጥ «የእናንተ ልጆች በኤሲ ይጫወታሉ አሉ» ተብያለሁ። እውነት ነው፣ ተጫውተናል። ምን እንደተገኘበት ደግሞ ልንገራችሁ።

የአይሲቲ ክፍሉን ኤሲ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣውን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እዚያ ክፍል መቀመጥ የሚቻለው በእሱ ነው። ችግሩ አብሪ እንጂ አጥፊ የለውም። አርብ የበራው ሰኞ ጠዋት ሲያጉረመርም የተገኘበት ጊዜ አለ። ሪሞቱም አንዴ ጥበቃ ጋ ነው፣ አንዴ ንብረት ክፍል ነው፣ አንዴ በማን ኪስ እንዳለ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ የዘንድሮ ዕቅዳችን አጭር ነበር። ኤሲው ከኮምፒውተር ትእዛዝ ይቀበል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን በራሱ ይጥፋ።

ምዝገባው፣ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫውና የወር ስብሰባዎቹ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፣ የፈለገ ያንብበው።

መጀመሪያ ማሽኑን ማወቅ ነበረብን። ልጆቹን ያስገረማቸው ኤሲ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር አለማምረቱ ነው። የክፍሉን ሙቀት ለቅሞ ውጭ ይደፋል፣ በቃ። አቅጣጫውን የሚገለብጥ ቫልቭ ካለው ደግሞ ከውጭ ሙቀት ለቅሞ ቤት ያሞቃል። በብርድ አገር ሂት ፓምፕ እያሉ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ይኸው ማሽን ነው። ሙቀትን ማጓጓዝ ከማመንጨት ስለሚረክስ በ1 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ማዛወር ይቻላል። «ታዲያ በታኅሣሥ ጠዋት ለምን አንሞቅበትም?» አሉኝ። ሪሞቱን አምጥተው ማሞቂያ የሚል የፀሐይ ምልክት ፈለጉ። የኛው ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ ትንሽ ቅር አላቸው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ኢኤስፒ32 የምትባል ከክብሪት ሳጥን እምብዛም የማትበልጥ፣ ዋይፋይ ያላት ቦርድ አለች። እሷ ላይ እንደ ሪሞት ምልክት የምትልክ የኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ አንድ ትራንዚስተርና የሙቀት መለኪያ ይያያዛሉ። ማዕከሉ ከንብረት ክፍል አቧራ ውስጥ ያወጣነው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። እሱ ላይ የቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ፣ ሆም አሲስታንት የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ጫንን። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ የወደድነው ግን ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ነው። ለምን እንደሆነ የግቢያችንን ዋይፋይ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለቦርዷ ደግሞ ኢኤስፒሆም የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ እንደ ግሪ፣ ኤልጂና ዳይኪን ያሉ ኤሲዎችን የሪሞት ቋንቋ አስቀድሞ ያውቃል።

የኤሲ ሪሞት እንደ ቲቪ ሪሞት አይደለም። የቲቪው «ድምፅ ጨምር» ብቻ ይላል። የኤሲው አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሙሉውን ይናገራል፦ ማቀዝቀዝ፣ 24 ዲግሪ፣ ፋኑ መካከለኛ። ይህን ሁሉ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ብልጭ በሚል፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ይልከዋል። ልጆቹ የስልካቸውን የሴልፊ ካሜራ ወደ ሪሞቱ አዙረው ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ድርግም ስትል ሲያዩ የተሰማው ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህርን አስመጥቶብናል። ይቅርታ ጠይቀናል።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልምጣ፤ የዓመቱ ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ። ሚያዝያ ላይ በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የኤሲ ጥገናውን እንድናይ ፈቀደልን። በባጃጅ ተጭነን ሄድን። ባለሙያው መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፉ። «220 ቮልት ቀልድ አያውቅም» ብለው እያንዳንዱን ልጅ በዓይናቸው ቆጠሩ። ከዚያ የአንዱን ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ሽፋን ከፈቱና ቦርዱ ላይ ሲኤን105 የተጻፈባት ባለ አምስት እግር ሶኬት አሳዩን። በእሷ በኩል ማሽኑ ትእዛዝ ይቀበላል፣ መልስም ይሰጣል። አሁን ምን ላይ እንዳለ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሆነ በራሱ ይናገራል።

ይህን ጊዜ ከኋላ የቆመች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜዬ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ጋሼ፣ የኛ ኤሲ ግን ይቺ የለችውም። የላክነው ትእዛዝ መድረሱን በምን እናውቃለን?»

«አታውቁም» አሏት። «ቲጥ ሲል በጆሮሽ ትሰሚያለሽ።»

«ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለስ?»

ባለሙያው ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁና «እሱን አንቺ ንገሪኝ» አሏት።

ስንመለስ ሌሎቹ ዘንባባው ስር ፎቶ ሲነሱ እሷ የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትሞነጭራለች። በቀጣዩ ሳምንት ይዛ የመጣችው ነገር ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። ሁለተኛ የሙቀት መለኪያ ከኤሲው አፍ ላይ፣ አየሩ በሚወጣበት። «አብራ» ተብሎ የሚወጣው አየር ካልቀዘቀዘ ትእዛዙ አልደረሰም፣ ይደገም። «አጥፋ» ተብሎም አየሩ እንደቀዘቀዘ ከቀጠለ እንዲሁ። ሰው በእጅ ሪሞት ቢያበራውም በዚያው ይታወቃል። ለሙከራ አንዱ ልጅ ኤልኢዲዋን በካርቶን ሸፈነ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ «ኤሲው አልሰማም» የሚል በአማርኛ ወጣ። ጽሑፉን ራሷ ናት የጻፈችው። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ መምህር ናችሁና ይገባችኋል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ሕግ መጨመር ጀመሩ። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር፣ ከጠፋ 3 ደቂቃ ሳያርፍ እንዳይነሳ አደረጉ። ማታ ከሐይቁ ነፋስ መጥቶ ውጭው ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኤሲው ይጠፋና «መስኮት ክፈቱ» የሚል መልእክት ይመጣል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ማታ ማታ በኤሲ ማደሩ ራሱ ያሳፍራል።

ያልተሳካም አለ። መብራት ሄድ መጣ ሲል የዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ ሥራው ቆሞ ነበር። የመምህራን ማረፊያውን ኤሲ ለማገናኘትም ዕቃ አልደረሰንም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ የተገዛውም ከልጆቹ መዋጮና ከእኔው ኪስ ነው። የክበብ በጀት ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። ፖሊ ቴክኒክ ከ60 ዓመት በፊት በተከፈተበት ከተማ የኛ ልጆች ለአንዲት መበየጃ ወረፋ ይጠብቃሉ። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎኛል፤ ማሊያውን ያየው ዓይን ግን ወደ እኛም ዞር ቢል ምን አለበት?

ለወላጅ መምህር ኅብረት የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፣ ሁለት ተጨማሪ መበየጃ፣ ለሁለተኛው ክፍል የሚሆን ቦርድና መለኪያ። እስኪፈቀድ ድረስ ሥራችንን ማየት የምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9፡30 በኋላ አይሲቲ ክፍል ኑ። ቁልፉ ካልተገኘ ግን በረንዳው ላይ ነን።