ቦሎ ስትሰጡ መብራቱ የት እንደሚያርፍም እዩልን

ይድረስ፦ በባሕር ዳር የተሽከርካሪ ምርመራንና የመንገድ ደኅንነትን ለያዛችሁ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልን። የሽምብጥ ነዋሪ ነኝ። ጋራዥ የለኝም፤ የመካኒክ ወረቀትም የለኝም። ግን የጎረቤትና የወዳጅ መኪና የፊት መብራት እቤቴ እከፍታለሁ፣ አጸዳለሁ፣ መልሼ አሽጋለሁ። አንዳንዱ ይከፍለኛል፣ አንዳንዱ አመስግኖ ይሄዳል። ስለዚህ የምጽፈው ነገር ውስጥ የራሴም ጥቅም አለበት፤ ከወዲሁ እወቁልኝ።

በቀጥታ ልግባ። መኪና ቦሎ ለማግኘት ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ «አብራ» ይባላል። ረጅም መብራት (ሩቁን የሚያሳየው)፣ አጭር መብራት (ቅርቡን የሚያሳየው)፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን። ከበራ አለፈ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ፣ ከፍ ይበል ዝቅ፣ ወደ ግራ ያድላ ወደ ቀኝ፣ እኔ በሄድኩበት ቦታ ሲታይ አላየሁም። መንገድ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የአንድ ወዳጄን ቪትዝ መብራት ከፍተን፣ አጽድተን፣ አሽገን ከገጠምን ብዙም ሳይቆይ ትራፊክ አስቆመው። ጠርዙ ላይ አዲስ ማሸጊያ ታይቷል። «ነካክተኸዋል» ተባለና ተቀጣ። እሱ ቆሞ ወረቀቱን ሲቀበል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ኤልኢዲ የደረደረች ባጃጅ የሁላቸውንም ዓይን እያጠፋች በአጠገባቸው አለፈች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

ምናልባት ጥርጣሬው የመጣው ሥራው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይሆናል። የፊት መብራት ሽፋን በአሁኑ ጊዜ መኪኖች ላይ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከኋላው ካለው አካል ጋር ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ቡቲል በሚባል፣ እንደ ማስቲካ በሚለጠጥ ጥቁር ማሸጊያ ነው። ቡቲል ሲሞቅ ይለሰልሳል። አምፖሉንና ከኋላ ያሉትን መሸፈኛ ላስቲኮች ታወጣለህ፣ ብሎኖቹን ትፈታለህ፣ 100 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ኦቭን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ታቆየዋለህ፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከጥግ ጀምረህ ቀስ እያልክ ትለየዋለህ። ከቸኮልክ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ቡቲሉ ይጠነክርና ሁሉም ከመጀመሪያው። (ባለቤቴ በዚያ ኦቭን ዳቦ መጋገር ካቆመች ቆየች። ሽታው አይለቅም ትላለች፣ እውነቷን ነው።) አንዳንዱ መብራት ግን በሙቀት በማይለሰልስ ማሸጊያ ስለሚዘጋ እሱን አልነካም፤ የሚነካው ሰው ሰብሮት ነው የሚያርፈው።

ውጩ ቢጫ ስለሆነ ብቻ የሚከፍቱ አሉ። አያስፈልግም። ቢጫው ፀሐይ የበላው የላይኛው ሽፋን ነው፤ ከውጭ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ፀሐይ የሚከላከል አዲስ ሽፋን ሲቀባ ይመለሳል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡት ለጥቂት ጊዜ ያበራላቸዋል፣ ከዚያ ባሰበት። የሚከፈተው ውሃና አቧራ ውስጥ ሲገባ፣ አቅጣጫ ማስተካከያው ሲሰበር፣ ወይም የተሰነጠቀ ሽፋን ሲቀየር ነው። የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሸጊያው ያረጀ መብራት ውሃ ያቁራል። ከዝናብ በኋላ ጥግ ላይ ትንሽ ጤዛ ታይቶ ሲበራ ከጠፋ ምንም አይደለም፤ መብራቱ ራሱ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ውሃ ከሥሩ ከተኛ ግን ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ይላጣል፣ ብርሃኑ ይበተናል።

በማሸጉ ላይ የምታዩት ጥፋት ካለ እሱ እውነተኛ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ሰው ከዕቃ መሸጫ ያገኘውን ሲሊኮን ይገዛና አሮጌው ቡቲል ላይ ይደርበዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት አሲድ ነው፤ በተዘጋ መብራት ውስጥ አንጸባራቂውን ያደበዝዘዋል። መተንፈሻውንም አብረው ይደፍኑታል። ከዚያ በኋላ ያ መብራት ሳይሰበር አይከፈትም። ትክክለኛው አሮጌውን ከጎድጓዳው ጠራርጎ አውጥቶ አዲስ ቡቲል መዘርጋት፣ አሙቆ መግጠም፣ በመቆንጠጫ ይዞ ማቀዝቀዝ፣ መኪናው ላይ ሳይመለስ ደግሞ በጎማ ውሃ ረጭቶ መፈተሽ ነው። አንጸባራቂውን በጣትም በጨርቅም አለመንካት። ይሄን ያደረገን ሰው ለምን እንደምትቀጡት አይገባኝም።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ ማስገባት ተከልክሏል። በጎ ነው መጥፎ ነው አልልም፣ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። ግን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ ማለት ነው። መብራታቸው ያረጃል። አዲስ ጥንድ መግዛት ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ይከፈታሉ፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም። በአግባቡ ይከፈቱ ነው የምለው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ።

የኛ አገር መኪና በቀኝ ይነዳል፤ በ1956 ዓ.ም. ነው ከግራ ወደ ቀኝ የዞርነው። ለቀኝ መንገድ የተሠራ አጭር መብራት በግራው በኩል ዝቅ ይላል፣ ከፊት የሚመጣውን እንዳይወጋ። በቀኙ በኩል ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያሳይ። ጃፓንና እንግሊዝ በግራ ስለሚነዱ መብራታቸው የዚህ ግልባጭ ነው። እና ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ማን ይህን ያያል? ይገጥማል አይገጥምም ብቻ ነው ጥያቄው። ይገጥማል። ገጥሞም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ የራሱን ቀኝ ጠርዝ ያጨልማል። በባሕር ዳር ቀኝ ጠርዝ ላይ ማን እንዳለ ልንገራችሁ? ብስክሌተኛው ነው። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከሥራ የሚመለሰው፣ አብዛኛው ያለ መብራት። ወደ ዘንዘልማና ወደ ጢስ ዓባይ መውጫ ላይ ደግሞ አህያ የሚነዳው ገበሬና እንጨት የተሸከመችው እናት።

ሁለተኛው አምፖሉ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች የሚይዙት ኤች 4 የሚባለው 60/55 ዋት አምፖል ውስጥ ከአጭር መብራቱ ክር (ግሎ ከሚያበራው ቀጭን ሽቦ) ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች፤ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይወጣ የምትከለክለው እሷ ናት። መብራቱ የተሠራው ክሩ በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ይሆናል ተብሎ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ሲገባ የብርሃኑ ምንጭ ቦታውን ይስታል፣ ጨረሩ ወደ ዛፍ ሁሉ ይወጣል። ሹፌሩ ነጭ ሆነልኝ ብሎ ይደሰታል፤ አጠገቡ ስለሚደምቅለት እንጂ ርቆ ስለሚያይ አይደለም። 100 ዋት የሚያስገቡት ደግሞ ሶኬቱን ያቀልጡታል። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ መብራቱን መክፈት አያስፈልግም። ከኋላ አምፖሉን መቀየር ብቻ ነው፣ ጠርዙ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ የታወረ ዓይን ደግሞ በአንድ ሰከንድ አይመለስም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በምሽት ፊት ለፊት ስትገናኙ ይህን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የመብራት መለኪያ መሣሪያ ቢገዛ ደስ ይለኛል፣ በየአገሩ ያለ ነገር ነው። እስኪገዛ ግን ግድግዳ ይበቃል። ደልዳላ መሬት፣ ነጭ ግድግዳ፣ 10 ሜትር ርቀት። የመኪናውን መብራት መሃል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭር መብራቱ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ብዙ መብራት ላይ ራሱ 1 በመቶ (በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው) ወይም 1.3 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ወደ ላይ የሚወጣው ጎን ቀኝ ነው ግራ? ግራ ከሆነ ቦሎ የለም። የመብራቱ ሽፋን ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል ያለው ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቁሙና ቀስት ፈልጉ። ወደ ቀኛችሁ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለበት ለግራ ነጂ አገር የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ መኪና ደቂቃዎች ይወስዳል።

መንገድ ላይ ያሉትንም ትራፊኮች አሳውቁልኝ። መዝኑ ከተባለ ብርሃኑን ይመዝኑ፣ ጠርዙን አይደለም። ሚኒባሶቹንም ንገሯቸው፦ ኋላ በጆንያ ሲጫን አፍንጫው ይነሳል፣ ብርሃኑም ይነሳል። ብዙ መኪና ላይ ከመሪው አጠገብ 0 እስከ 3 የተጻፈባት ማስተካከያ አለች፤ ጭነት ሲበዛ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው፣ ብርሃኑ ይወርዳል። ለምን እንደተሠራች የሚያውቅ ሹፌር ግን ብዙ አላገኘሁም።

ግድግዳው ለመቀባት በጀት የለንም የምትሉ ከሆነ ቀለሙን እኛ የሠፈር ሰዎች እናዋጣለን። መስመሩንም እኔ ለክቼ አሰምርላችኋለሁ። ቦታውን ብቻ አሳዩን።

ከአክብሮት ጋር፣
መብራት ከፍቶ የሚያሽግ የሽምብጥ ነዋሪ