ሽልማት ሁሉ ኦስካር ነው እንዴ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የፊልም ወሬ ተነሳ። አንዱ ወጣት «ሽልማት ማለት ኦስካር ነው፤ ሌላው ጨዋታ ነው» ብሎ ደመደመ። አልዋጥልህ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ ከእኛ ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

ፌስፓኮ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያለ፣ በየሁለት ዓመቱ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች የሚገናኙበት በዓል ነው። የኔንጋ በቡርኪና ፋሶዎቹ ሞሲዎች አፈ ታሪክ ፈረስ ጋላቢ፣ ጦረኛ ልዕልት ነበረች። (የአዊ ፈረሰኞችን እንጅባራ ላይ ላየ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንም።)

ባሕር ዳር አዳራሽ አላጣችም። እንዲህ ያሉ ፊልሞችን በወር አንድ ቀን የሚያሳየን ግን አላገኘሁም። ኳስ የምናይባቸው ቤቶችስ? ጨዋታ በሌለበት ምሽት ወንበሩ ባዶውን ነው የሚያድረው። ባለቤቶቹ ይሞክሩት። የመጀመሪያውን ትኬት እኔ እገዛለሁ፤ ያንን ልጅም ይዤው እመጣለሁ።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ