ከሳጥን የወጡ ካፍታኖች፦ የአልባሳት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችንን የአልባሳት ክበብ ታውቁታላችሁ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የእኛ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከ9፡30 በኋላ መብራቷ የሚበራውም ለዚህ ነው። «እነዚያ ፋሽን የሚሠሩት» ይሉናል። ስሙ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ታዲያ ይሄ ለልጆቹ ምን ይጠቅማቸዋል?» የኬሚስትሪ መምህር ከልብስ ጋር ምን አገናኘው የሚሉም አሉ። ዘንድሮ የሠራነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በጥቅምት 31 ልጆች ተመዘገቡ። ሰኔ ላይ የደረሱት 19 ናቸው፤ ይህን አልደብቅም። ከቀሩት መሀል አብዛኞቹ ክበቡን ጠልተው አልሄዱም። የፒያሳና የአካባቢው ሰፈር ሲፈርስ ቤተሰቦቻቸው ራቅ ብለው ገብተዋል። ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት ለነሱ በጨለማ ቤት መግባት ነው። ስማቸው አሁንም ከመዝገባችን አልተሰረዘም። ከደረሱት 19 ውስጥ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቻቸው ሲያሾፉባቸው ነበር። አሁን ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረ እነግራችኋለሁ።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። እኔ የሐበሻ ቀሚስ እንሥራ ብዬ ነበር። «ቲቸር፣ እሱንማ ሁሉም ይሠራዋል» አሉኝ። አንዷ ተነስታ እናቷ ሳጥን ውስጥ አንድ ካፍታን፣ ያ ረጅምና ሰፊ ልብስ፣ እንዳለ ተናገረች። ማንም አይለብሰውም፤ እንዳይጣል ደግሞ ያሳዝናል። ሌሎቹም «እኛም ቤት አለ» ማለት ጀመሩ። እኔም እያንዳንዳቸው ቤተሰብ አስፈቅደው ሳጥን እንዲከፍቱ ነገርኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ 9 ካፍታኖች ጠረጴዛዬ ላይ ተቆለሉ። ክፍሉ ለአንድ ወር ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር። ሁለቱን ብል በልቷቸዋል። አንዱ ደግሞ ብብቱ ላይ ተቀዷል።

አሮጌውን ልብስ ዛሬ ከሚለበሱ ነገሮች ጋር ማዛመድ ነው ሥራችን። ቀበቶ፣ ጉትቻ፣ ስኒከር፣ የጂንስ ጃኬት፣ ትንሽ ቦርሳ። አንድ ሕግ አወጣን፦ ልብሱን መቀስ አይነካውም። ማጥበብ ካስፈለገ በእጅ ላላ አድርገን እንሰፋለን፣ እንሰበስባለን፤ ሁሉም ተተርትሮ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ልብሱ የእኛ አይደለማ።

መጀመሪያ የልብሱን ዘር ማወቅ ነበረብን። ካፍታን የሚለው ቃል ከፋርስ የመጣ ነው። የኦቶማን ሱልጣኖች ይለብሱት ነበር፤ ሊያከብሩት ለፈለጉት ሹምና ለውጭ መልእክተኛም ካፍታን ይሸልሙ ነበር። ኢስታንቡል ያለው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም እነዚያን ልብሶች ዛሬም ያሳያል። ይሄን ስነግራቸው አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእኛም ነገሥታት እኮ ካባ ይሸልሙ ነበር» አለ። ትክክል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፍታኑ እንግዳ ልብስ መሆኑ ቀረ። ሞሮኮዎች ለሠርግ ሲለብሱት ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ያስራሉ፤ ምዳማ ይሉታል። ፈረንሳዊው ዲዛይነር ኢቭ ሳን ሎራን በ1966 እ.ኤ.አ. ማራካሽን አይቶ ወደዳት፤ ቤትም ገዛባት። በዚያው ዘመን ካፍታን በአውሮፓና በአሜሪካ ፋሽን ገባ።

ቀጥሎ የእኔው ትምህርት መጣ። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር እንስባለን። በመቆንጠጫ ይዘን እናቃጥለዋለን። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ አመዱ ለስላሳና ግራጫ ነው። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የሚተወውን ጥቁር በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ጠንካራ ኳስ ይሆናል። ከ9ኙ ካፍታኖች ስድስቱ ፖሊስተር፣ ሁለቱ ጥጥ፣ አንዱ ሐር ሆኖ ተገኘ። ስለ ፕሮቲንና ስለ ሴሉሎስ በጥቁር ሰሌዳ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬያቸው ያልገባቸው ልጆች በአንድ ክብሪት ገባቸው። ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ይሄ ነው።

አንድ ጥፋት አለብን። ከጥጦቹ አንዱ አንገቱ ዙሪያ በሐር ክር የተጠለፈ ነበር። ጨርቁ ጥጥ ስለሆነ የጥልፉን ክር አቃጥለን አልፈተንነውም። ተማሪዋ ቤት ወስዳ እድፉን በበረኪና አጠበችው። በረኪና ፕሮቲን ይበላል፤ ሐር ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጥልፉ ተበጣጥሶ መጣ። አስቀድሜ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ወላጇን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አሁን በክፍሉ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ መጭመቅ የለም፣ ጥላ ላይ ማስጣት።

ስለ ማዛመዱ ብዙ ተከራከርን። ልጆቹ መጀመሪያ ያላቸውን ጌጥ ሁሉ ደረደሩበት። ልብሱ ጠፋ። ቀስ በቀስ ራሳቸው ደረሱበት። አንገቱ ጥልፍ ካለው ሐብል አያስፈልገውም፤ ጉትቻ ብቻ ይበቃዋል። እጅጌው ሰፊ ከሆነ አምባር ውስጥ ይደበቃል፤ እጅጌው አንዴ ሲጠቀለል ግን አምባሩም እጁም ይታያል። ፊቱ ክፍት የሆነው ካፍታን በጂንስና በነጭ ቲሸርት ላይ እንደ ካፖርት ሲደረብ ያምራል። ነጭ ስኒከር ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ከወገብ ነው። ካፍታን ሰውን ይውጣል። ወገቡ ሲታሰር ሰውየው ተመልሶ ይወጣል።

ቀበቶው ላይ ነው ወንዶቹ የተከበሩት። ሦስቱ ልጆች አንድ ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረዱ። የድሮ ሳጥን የናስ ማንጠልጠያ፣ የተጣለ የቦርሳ ቀለበት፣ ቁርጥራጭ ቆዳ ይዘው መጡ። ናሱን በአመድና በሎሚ ፈትገው አበሩት። ከሳጥን የወጣ ልብስ በሳጥን ማንጠልጠያ ታሰረ። ያን ዘለበት ያየ ሁሉ «ከየት ተገዛ?» ይል ነበር። ሹፈቱ የቆመው ያኔ ነው።

አሁን ልነግራችሁ ወደ ጓጓሁለት ነገር ልምጣ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ካፍታን አምጥታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የደበዘዘው እሱ ነው። ግራጫ ይመስላል። ከምን ጋር እንደምታዛምደው ግራ ገባት። ጥቁር ቀበቶ ሞከረች፣ ሞተ። ቀይ ሞከረች፣ ጮኸ። ለሦስት ሳምንት ዝም ብላ እያጠፈች መልሳ ታስቀምጠዋለች። አንድ ሐሙስ ልብሱ ስለረዘመባት የግርጌውን ቅምቅማት ልታየው ፈለገች። ጥግ ላይ ተቀምጣ በመርፌ ጫፍ ቀስ እያለች ተረተረችው። ድንገት «ቲቸር፣ ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግራጫ አይደለም!» አለች።

ሄጄ አየሁት። እጥፋቱ ውስጥ አንድ ጣት የሚሆን ጨርቅ እንደ አዲስ ነው። አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ። የላይኛውን ብርሃን በልቶታል፤ እጥፋቱ ውስጥ ግን ፀሐይ አልገባም። ሁለት የቆዩ የመርፌ ቀዳዳ መስመሮችም ነበሩ፤ ከዚህ በፊት አጥሮም ረዝሞም ያውቃል ማለት ነው። ልጆቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ልጅቷ «ቀበቶው ይሄን ቀለም መሆን አለበት» አለች።

እንዲህ ዓይነት ቀለም ያለው ቀበቶ ገበያ አጣን። ስለዚህ መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ 12 ሆነን ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዘን ሽሮ ሜዳ ወጣን። መቀነት እናሠራ የሚለው ሐሳብ የሷ ነው። እነዚያን በቀሚስ የተሞሉ ሱቆች አልፈን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ቤት ደረስን። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ይሠራሉ። መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ልጆቹ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ልጅቷ ከቅምቅማቱ ውስጥ የሳበቻትን አንዲት ክር በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር። «አባባ፣ ይሄን ቀለም ይችሉታል?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ክሯን ተቀብለው ወደ በሩ ሄዱ። ብርሃን ላይ ያዟት። የክር ከረጢታቸውን ዘርግፈው አንድ በአንድ አስጠጉባት። ልክ የሆነ አልተገኘም። «ልጄ፣ ይሄ ቀለም አሁን የለም» አሏት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ከሳባ ክሩ አንድ ሰማያዊና አንድ አረንጓዴ መዝዘው ጭናቸው ላይ አብረው አከረሩት። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አሳዩን። አንድ ቀለም ሆነ! ከቅርብ ሲያዩት ሁለት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያ የእጥፋቱ ቀለም ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሄዳ መጣች፤ በቅርብ አየችው፣ በሩቅ አየችው። እኔ 18 ዓመት አስተምሬአለሁ። ተማሪ እንዲህ ሲያይ ያየሁባቸውን ቀኖች በጣት እቆጥራቸዋለሁ።

ያዋጣነው ብር ለመቀነቱ አልበቃም። ቀሪውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ የታክሲውንም እንደዚያው። ይህን የምጽፈው እንድመሰገን አይደለም። ለሌሎች ክበቦች ኳስም መለያም ተገዝቷል፤ ይገባቸዋል። ለእኛ ዓመቱን ሙሉ የተሰጠን ሁለት መቀስና አንድ ካርቶን ክር ነው። ያለችን አንዲት የእግር ስፌት መኪና ናት። ቺንጋዋ ኅዳር ላይ ተበጠሰ፤ ጥያቄ አስገብተን እስከ የካቲት ጠበቅን። በመጨረሻ የጥበቃችን ዘመድ የሆኑ ሰፊ መጥተው በነፃ ሠሩልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። 26 መደበኛ ስብሰባ አድርገናል። በሚኒ ሚዲያ አራት ጊዜ ፕሮግራም አቅርበናል። ሚያዝያ ላይ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ጎብኝተናል፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እዚያ ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልደት እስከ ሞት። ልጆቹ ይሄን ሐሳብ ወስደው የወላጅ ቀን ዝግጅታችንን በዚያው መንገድ አሰናዱት፦ መጀመሪያ የልጃገረድ፣ ቀጥሎ የሙሽራ፣ ከዚያ የእናት፣ በመጨረሻ የአያት።

የወላጅ ቀን ሰኔ ላይ ነበር። ዝናቡ ሜዳውን ስላጠበው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገባን። ወንበር ጠፍቶ ብዙ ሰው ቆመ። 8 ካፍታኖች ቀረቡ፤ ዘጠነኛው ያ በበረኪና የተጎዳው ነው። የመጨረሻዋ የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ነበረች። ግራጫው ካፍታን፣ ሰማያዊ አረንጓዴው መቀነት፣ ትንንሽ የብር ጉትቻ፣ ነጭ ስኒከር። መቀነቱ ልብሱን ቀሰቀሰው። ግራጫ የመሰለን ሁሉ ውስጡ ሰማያዊ እንደነበረ ታየን።

አያቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ አጠገባቸው ስትደርስ ያዟት። ካፍታኑን አላዩም። የመቀነቱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሻሹት። «ይሄ ነው» አሉ። «ድሬ ዳዋ የገዛሁት ቀን እንዲህ ነበር። በባቡር ለገሃር ስንወርድ ይሄን ነው የለበስኩት።» ከዚያ ተነሥተው ልጅቷ ፊት ለፊት ያሰረችውን ቋጠሮ ፈቱት። ሁለቴ ዞር አድርገው፣ ጠበቅ አድርገው፣ ጫፉን ወደ ጎን ሸጎጡት። «መቀነት እንዲህ ነው የሚታጠቀው» አሏት። ልጅቷ በአያቷ አስተጣጠቅ፣ በራሷ ስኒከር መንገዷን ጨረሰች። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ጣታቸውን ነበር የማየው።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገውን በግልጽ ልናገር። አንድ ተጨማሪ የስፌት መኪና፣ ያገለገለም ይሁን። ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ፤ ፖሊስተር በጋለ ካውያ ይቀልጣል። ልብሶቹን የምንሰቅልበት ቁም ሣጥን፤ አሁን ከቤተ ሙከራው አሲድ ጋር በአንድ መደርደሪያ ነው የሚያድሩት፣ ይሄ ደግሞ አደገኛ ነው። ሩቅ ሰፈር ለሚገቡት ልጆች የቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ። የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት በሰኔው ዝግጅት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበራችሁ፤ ያያችሁትን አይታችኋል።

ወላጆችም ቤታችሁ የተቀመጠ ሳጥን ካለ ክፈቱት። ካፍታን፣ ካባ፣ የድሮ ሻሽ፣ ማንኛውም ይሁን። አንቆርጠውም። መስከረም ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ከ9፡30 ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ ነን። የልብሱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አብሮ ቢመጣ ደግሞ ወንበር እናዘጋጃለን።

የአልባሳት ክበብ አስተባባሪ መምህር