የአትክልት ክበብ፦ ለእንቁጣጣሽ የደረሰ ቢጫ አበባ

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አደይ አበባ የለም። የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቻችን ለእንቁጣጣሽ አደይን በወረቀት ነው የሚሥሉት። የአትክልት ክበባችን አምና ሚያዝያ ላይ ሥራ ሲጀምር ታዲያ፣ "ቲቸር፣ መስከረም ላይ ቢጫ የሚያብብ ነገር እንትከል" አሉኝ።

መንገድ ዳር የሚበቅለውን ቶል ጎልደንሮድ መረጥን። የዚሁ አገር በቀል ነው። ከአደይ ጋርም ይዛመዳል፤ ሁለቱም ከሱፍ ቤተሰብ ናቸው። ብርድ ሲመጣ ግንዱ ይደርቃል፣ ሥሩ ግን አይሞትም፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል። አንዲት ጎረቤት ከጓሮዋ ሥሩን ከፍላ ሰጠችን።

አንዲት እናት ግን ደነገጡ። "ልጄ አለርጂ አለበት፣ ይሄ አይደል እንዴ የሚያስነጥሰው?" አሉኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ተክሉ ያለ ጥፋቱ ነው የሚታማው። የጎልደንሮድ የአበባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ የሚያመላልሱት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። የሚያስነጥሰው በዚያው ሰሞን የሚያብበው ራግዊድ የሚባል አረም ነው። አበባው አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ብናኙን ግን ነፋስ በየቤቱ ያደርሰዋል።

እውነተኛ ጥፋቱ ሌላ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች አግድም ይሄዳል። ዘንድሮ ጎመናችን መሐል ብቅ ሲል ልጆቹ ተናደዱ! ነቅለን ታች የሌለው በርሜል ቀበርንና እዚያ ውስጥ መልሰን ተከልነው።

ጁን ሲገባ ግማሹን ተክል ከወገቡ ቆረጥነው፣ ግማሹን ተውነው። ያልተቆረጠው ከእኔ ቁመት በለጠ፤ አንድ ማታ ዝናብ ጣለውና በገመድ አሰርነው። የተቆረጠው አጠር ብሎ፣ ቅርንጫፍ አብዝቶ፣ ዘግየት ብሎ ልክ ለእንቁጣጣሽ ፈካ። ልጆቹ በሣር እያሰሩ ለየክፍሉ አደሉ። በአበባው ላይ ወደ ሜክሲኮ የሚጓዙ ሞናርክ ቢራቢሮዎች ሲያርፉ አየን። በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ አንዷ ተማሪ ግንዱ ላይ ብይ የሚያህል እባጭ አገኘች። ሰንጥቀን ስናየው መሐሉ ላይ ነጭ ትል ተጠቅልሏል። የዝንብ ልጅ ነው፤ ብርዱን እዚያው ያሳልፋል። ሰውነቱ ቅዝቃዜን የሚያስችለው ፈሳሽ ስለሚሠራ በረዶ አይገድለውም። ልጅቷ "ቤቱን አፈረስንበት" ብላ አዘነች። ስለዚህ የቀሩትን ደረቅ ግንዶች አልቆረጥንም።

ሚያዝያ ላይ ሥሩን ከፍለን እናድላለን። የምትፈልጉ ወላጆች ባልዲ ይዛችሁ ኑ።